ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ደለስ ኤርፖርት ቆሞ ሰው ይጠብቃል። እኔም ብዙ ቆሜያለሁ። ሰው ሊመጣ ወይም ሊሄድ ሲል የሚደወልልኝ ስልክ ደግሞ ሁሌም ያው ነው። «ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?» «ለምንድን ነው መንገድ ላይ የሚያርፈው?» «ስንት ሰዓት ልምጣ?» እየደጋገምኩ ከማወራው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

በቦሌና በደለስ መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው?

በአየር ላይ በአጭሩ መንገድ ሲለካ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። በማይል ወደ 7,180 ይሆናል። አብራሪዎች በሚሠሩበት የባሕር ማይል ደግሞ 6,240 ገደማ። የተለያየ ድረ ገጽ ላይ የተለያየ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። አብዛኛው ግርግር እዚያ ጋ ነው።

ማን ለካው?

ማንም አልለካውም፤ የሚሰላ ነው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ደለስ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ። በምሥራቅና በምዕራብ ደግሞ 116 ዲግሪ ይራራቃሉ። ምድር ክብ ስለሆነች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደው አጭሩ መንገድ ቅስት ነው፤ ሲሰላ 104 ዲግሪ ይሆናል። አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባዙት፣ እላይ ያለው ቁጥር ጋ ትደርሳላችሁ።

ስሌት የማይወድ በክር ይሞክረው። ቤት ውስጥ የልጆች ሉል ካለ አንዱን የክር ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ያዙና ወጠር አድርጉት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል። በሱዳንና በሊቢያ ያልፋል፣ በአልጄሪያ አድርጎ ስፔንን ይቆርጥና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ግን በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ በቻድና በኒጀር አድርጎ ሰሐራን ለሰሐራ ይሄዳል። «አሜሪካ ለመሄድ አውሮፓ ምን ይሠራል?» የሚሉኝ ሰዎች ካርታውን አምነው ነው። አትፍረዱባቸው፣ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው እሱ ነው።

በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ መንገድ ላይ ለነዳጅ የሚያርፍበትን አንድ ሰዓት ያህል ጨምሮ፣ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ያዙት። ሲመለስ ግን ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚመጣው፤ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ 13 ሰዓት ገደማ።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከሚንቀሳቀስበት ደቂቃ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ ነው። አየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም። መሬት ላይ ሲንቀራፈፍ የሚያጠፋው ሃያም ሰላሳም ደቂቃ እዚያ ውስጥ አለ።

ርቀቱ አንድ ከሆነ መሄጃው ለምን ከመመለሻው ይረዝማል?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሰውም ብዙ የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። «አውሮፕላኑ አሮጌ ስለሆነ ነው» የሚል አለ። «ሰው ሊጭኑ ነው» የሚልም አለ። እንዲያውም በዚህ መስመር ላይ የሚበሩት የቦይንጉ ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ከአዲሶቹ የአውሮፕላን ዓይነቶች ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነርን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኤ350ን ደግሞ በ2016 ሲረከብ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር።

ነገሩ ያለው ከአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ እንግዳ አዲስ አበባ ላይ ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ አይታችኋል አይደል? አውሮፕላኑም እንደዚያው ነው። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉንም የሚያነሳው አየር ነውና ለመነሳት ከሌላው ቦታ በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት። በበለጠ ለመሮጥ ረጅም አስፋልት ይፈልጋል። የቦሌ አስፋልት አጭር ሆኖ አይደለም፤ ረጅሙ 3,800 ሜትር ነው። ግን እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ እሱም ያልቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ክብደት ይቀነስ። ከምን ላይ? ከሰው ላይ ካልን ወንበር ባዶ መሄዱ ነው። ከሻንጣ ላይ ካልን በርበሬውና ሽሮው ቦሌ ሊቀር ነው፤ ያኔ የሚነሳውን ጩኸት አስቡት። ስለዚህ የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን በሰዓት ከ5 እስከ 6 ቶን ገደማ ነዳጅ ይጠጣል። 14 ሰዓት ሳያርፍ ይብረር ከተባለ ከ70 ቶን በላይ ይዞ መነሳት ሊኖርበት ነው። ቦሌ ላይ ሙሉ ሰውና ሙሉ ዕቃ ጭኖ ይህን ሁሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት አይችልም። በቂውን ይዞ ይነሳና ዝቅ ያለ አገር ላይ ወርዶ ይሞላል።

ደለስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው፣ አውሮፕላኑ ሆዱ እስኪወጠር ነዳጅ ጠጥቶ ያለ ችግር ይነሳል።

የምታነጻጽሩት ከፈለጋችሁ ዱባይን ውሰዱ። ከዱባይ እስከ ደለስ 11,350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚለየው በ200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። ከዱባይ ወደ ደለስ ግን ያለ ማረፍ ይበረራል። የዱባይ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል 19 ሜትር ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ልዩነቱ ይሄው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰሜን አትላንቲክ በኩል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ አለ። በክረምታቸው፣ ማለትም ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስበት ጊዜ አለ። አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገፋችኋል። ስትመለሱ ከኋላ ይገፋላችኋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 100 ኪሎ ሜትር ተቀነሰ ወይም ተጨመረ ማለት በአትላንቲክ ላይ ብቻ ከሰዓት በላይ ልዩነት ነው።

መንገድ ላይ የሚያርፈው የት ነው? ብዙ ያስኬዳል?

ባለፉት ዓመታት ተቀያይሯል። ሮም የነበረበት ጊዜ አለ፣ ደብሊን የነበረበት ጊዜ አለ። የእናንተን ቲኬት ላይ እዩ። መንገዱን ያረዝመዋል ብላችሁ ግን አትጨነቁ። በሮም በኩል ከሆነ ጠቅላላ ርቀቱ ወደ 11,710 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከቀጥታው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ ይበልጣል። በደብሊን ደግሞ ወደ 11,830። አየርላንድን ካርታ ላይ ስታዩት «እዚያ ድረስ ወጥቶ?» ያሰኛል። ክሩን አስታውሱ። ለካ መንገድ ላይ ናት። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ቢሆን ግን ወደ 12,750 ይደርስ ነበር፤ ያ እውነተኛ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ጊዜውን የሚበላው መንገዱ አይደለም። መውረዱ፣ መቆሙ፣ ነዳጁ፣ እንደገና መነሳቱ ነው።

ሲያርፍ እንወርዳለን?

ለነዳጅ ብቻ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አትወርዱም። ወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ ትጠብቃላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ ትልልቅ ሰዎች ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ቦርሳቸውን ይዘው የሚነሱ እናቶች ሁሌም አይጠፉም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ በሩ ላይ ሊቆሙ ሲሉ «እማማ፣ ገና ነው» ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ስምንት ሰዓታት ለእሳቸው በጣም ነው የሚረዝሙት።

የሱዳን ጦርነት በረራውን ነክቶታል?

አዎ። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ የሱዳን ሰማይ አብዛኛው ለሲቪል በረራ ዝግ ነው። ክሩ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚያልፈው በሱዳን ላይ ስለሆነ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ መዞር ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ 11,560 የሚለው ቁጥር የክሩ ነው። አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው ከዚያ በላይ ነው፣ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ነፋሱም፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚሰጡት መስመርም ድርሻ አላቸው።

ቲኬቴ ላይ ስቆጥረው 9 ሰዓት ብቻ ሆነብኝ። እንዴት ነው?

የሰዓት ልዩነቱን ሳትቀንሱ ቆጥራችሁ ነው። አንድ ምሳሌ በፈረንጅ ሰዓት እንውሰድ። አውሮፕላኑ ከቦሌ ማታ በ22፡15 ተነሳ እንበል። በዚያች ደቂቃ ዋሽንግተን ላይ ክረምት ከሆነ ሰዓቱ ከቀኑ 14፡15 ነው። 17 ሰዓት ጨምሩበት፤ በማግስቱ ጠዋት 7፡15 ደለስ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን 22፡15 ተነስቶ 7፡15 ደረሰ ይላል። 9 ሰዓት ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ ተከትሎ ስለሚሄድ ግን ያቺ ሌሊት አታልቅም።

ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ያስደነግጣል። ከደለስ ጠዋት 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 7፡45 ቦሌ የሚል ሲታይ 21 ሰዓት ሊሞላ ነው። እውነቱ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው።

ልዩነቱ በዋሽንግተን ክረምት 8 ሰዓት፣ በበጋ 7 ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትነካም። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛ እሑድ ያስቀድማሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሳሉ። በእነዚያ ሳምንታት ሰው የምትቀበሉ ከሆነ ሁለቴ አረጋግጡ።

ቲኬቱ ላይ ያለው በኢትዮጵያ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ?

በፈረንጅ ነው። ቀኑም የፈረንጅ ነው። 22፡15 ማለት ማታ 4 ሰዓት ከሩብ ነው። ኖቬምበር 5 ማለት ጥቅምት 26 እንጂ ኅዳር 5 አይደለም፤ በዘጠኝ ቀን ይለያያሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ነው። ለፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ደግሞ ሳይነጋ ቀኑ አይለወጥም። ቲኬቱ «ረቡዕ 00፡30» ቢል እኛ የምንለው የማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ 6 ሰዓት ተኩል ነው። አክስቴ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ እንዲህ ያለ ቲኬት ነበራት። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀች። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ላይ በሁለት ሚኒባስ ቦሌ ደረስን። በሩ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቷን አየ፣ እሷን አየ፣ እኛን አየ። «እናቴ፣ ይሄ እኮ ትናንት ሄዷል» አላት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ቲኬት ሲመጣ በአማርኛ ተተርጉሞ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። «ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ» ተብሎ። አድርጉት፣ ይጠቅማል።

ቦሌ ስንት ሰዓት ቀድሜ ልድረስ?

አሜሪካ ለሚሄድ አራት ሰዓት። ሦስት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ግን ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ሻንጣ ተከፍቶ በርበሬ ከዚህ ወደዚያ ሲዛወርና እንደገና ሲመዘን የሚጠፋውን ጊዜም ቁጠሩ።

ሰው ለመቀበል ደለስ ስንት ሰዓት ልድረስ?

አውሮፕላኑ ባረፈ በደቂቃ ውስጥ የሚወጣ ሰው የለም። ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ጉምሩክ አለ። ካረፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብትደርሱ ብዙ ጊዜ አያመልጣችሁም። ሁለት ሰዓት የጠበቅኩበትም ጊዜ አለ። በዊልቸር የሚመጡ እናቶች ግን ልዩ መስመር ስለሚያገኙ አንዳንዴ ቀድመው ብቅ ይላሉ፤ ለእነሱ ቶሎ ድረሱ። ቋንጣ ይዘው እንዳይመጡ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሥጋ አይገባም፣ ጉምሩክ ጋ የሚያስቆመውም እሱ ነው። ሌላውን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ «አለኝ» ይበሉ።

ደለስ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ከዋሽንግተን መሐል 42 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምዕራብ። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ሜትሮ እዚያው ድረስ ይገባል። መሐል ከተማ ለመድረስ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ነገር ግን ሁለት ሻንጣ በአንድ ሰው ሒሳብ ለሚመጣ ቤተሰብ ሜትሮ አልመክርም። ቲኬት ስትቆርጡ ደግሞ ሬገን ከሚባለው ኤርፖርትና ከባልቲሞሩ ጋር እንዳትቀላቅሉት። ሦስቱም «ዋሽንግተን» ተብለው ይሸጣሉ።

ትራንዚት ያለው ቲኬት ረከሰልኝ። ጊዜው ያዋጣል?

የሚወሰነው በመሐል በምትቆዩት ሰዓት ነው። በዱባይ በኩል ብትሄዱ መጀመሪያ 2,520 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትበራላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ እላይ ያልኩት 11,350 ይጠብቃችኋል። ድምሩ 13,900 ገደማ ይሆናል። አየር ላይ 18 ሰዓት፣ ከዚያ የዱባይ ቆይታ። ለወጣት ምንም አይደለም። እንግሊዝኛም ዓረብኛም ለማይችሉ እናት ግን በር ቁጥር እየፈለጉ ትልቅ ኤርፖርት መዞር ከባድ ነው። የሁለት መቶ ዶላር ልዩነት ከሆነ እኔ ያለ ትራንዚቱን እቆርጣለሁ።

ቢሾፍቱ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ይህን ይለውጠዋል?

የተወሰነ ይለውጠዋል። የቢሾፍቱ አካባቢ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ነው፤ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አየሩ ትንሽ ወፈር ይላል፣ አውሮፕላኑም በዚያው ልክ ብዙ መሸከም ይችላል። ነፋሱ ግን ቢሾፍቱም ሆነ ቦሌ አይመለከተውም።

አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ በስልክ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ፍላይትራዳር 24 ላይ የበረራ ቁጥሩን ጻፉ፤ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ኢቲ 500፣ የሚመለሰው ኢቲ 501 ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። የአውሮፕላኑን ምልክት የሚቀበሉት መሣሪያዎች በብዛት ያሉት መሬት ላይ ነው። አትላንቲክ መሐል መሬት የለም። እዚያ ሲደርስ ምልክቱ ይቋረጣል፣ ወይም መተግበሪያው በግምት ይስለዋል። አንድ ሌሊት እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ቀሰቀሰችኝ። እናታችን ያለችበት አውሮፕላን ካርታው ላይ ቆሟል። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ባሕር ላይ ነው፣ ምልክት የለም፣ ተኚ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና እኔ ራሴ ካናዳ ጫፍ ላይ ቢጫዋ አውሮፕላን እንደገና ብቅ እስክትል አልተኛሁም።